ዳሌ ከተቀየረ 14 ወር፤ ራጁ «ንጹሕ ነው» ተባለ፣ ሕመሙ ግን እየባሰ ነው። ምን ምርመራ ቀረን?

ጽጌ_ሳሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ዕድሜያቸው 66 ነው። የግራ ዳሌ መገጣጠሚያቸው ሙሉ በሙሉ የተቀየረው ከ14 ወር በፊት ውጭ አገር ነው፤ ሲሚንቶ የሌለበት ዓይነት እንደሆነ ነግረውናል። የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በጣም ጥሩ ነበሩ፤ በአራተኛው ወር ምርኩዛቸውን ጥለው ነበር። ከሰባተኛው ወር ወዲህ ብሽሽታቸው ላይ ውጋት ጀመራቸው፤ አሁን ምርኩዙ ተመልሷል።

በዋናነት የሚያማቸው ታክሲ ውስጥ ለመግባት እግራቸውን ሲያነሡ፣ ደረጃ ሲወጡና ከበርጩማ ሲነሡ ነው። ሌሊት አልፎ አልፎ ይጠዘጥዛቸዋል። ትኩሳት የለም፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ ፈሳሽ ወጥቶትም አያውቅም።

እስካሁን የተደረገው፦ ከፊት የተነሣ አንድ ራጅ («የላላ ነገር አይታይም» ተብሎ ተጽፏል)፣ ኢኤስአር 42፣ ሲአርፒ 14 (ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች ናቸው)። አንድ ክሊኒክ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ለ10 ቀን አዘዘላቸው፤ የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡ 5 ቀን ሆኗል፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ሦስት ቦታ ሄድን። አንዱ «ዕድሜ ነው» አለ፣ አንዱ «ታገሡ» አለ፣ ሦስተኛው «ተከፍቶ ይታይ» አለ። የቀረን ምርመራ የትኛው ነው? በምን ቅደም ተከተልስ ይደረግ? ገንዘባችን ውስን ስለሆነ የማያስፈልገውንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አጥንት_ክፍል

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። «ዕድሜ ነው» የሚለውን መልስ ወደ ጎን ተዪው። ዕድሜ 6 ወር ሙሉ ዝም ብሎ በሰባተኛው ወር ብሽሽት ላይ አይዋጋም። እናትሽ ብቻቸውንም አይደሉም፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ዳሌያቸው ከተቀየረ 100 ሰዎች ውስጥ ከ7 እስከ 23 የሚሆኑት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሕመም እንደማይለቃቸው አሳይቷል። ስለዚህ ምክንያት መፈለግ ትዕግሥት ማጣት አይደለም።

ጥሩ ጊዜ አልፎ የመጣ ሕመምና ከመጀመሪያው ቀን ያልለቀቀ ሕመም መንገዳቸው ለየቅል ነው። ቀዶ ሕክምናው ምንም ካላቀለለው መጀመሪያውኑ የሕመሙ ምንጭ ወገብ ሊሆን ይችላል፣ ዘንጉ (በጭን አጥንት ውስጥ የገባው ብረት) ከአጥንት ጋር ሳይያያዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ኢንፌክሽኑ የገባው ያኔ ነው። እንደ እናትሽ ከተሻላቸው በኋላ የተመለሰ ከሆነ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ኢንፌክሽን፣ መላላት፣ ከኩባያው (በዳሌ አጥንት በኩል ከተተከለው ጎድጓዳ ዕቃ) ጠርዝ ጋር የሚፋተግ ጅማት፣ ወይም የዳሌ አጥንት ስንጥቅ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ ቦታው። እናትሽ ቆመው በአንድ ጣት ብቻ ያሳዩሽ፤ በመዳፍ «እዚህ ሁሉ» ካሉ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ብሽሽት ላይ ከሆነ የሚጠረጠሩት ኩባያው፣ የመገጣጠሚያው ውስጥ፣ ወይም ከፊት ለፊቱ የሚያልፈው የኢሊዮሶአስ ጅማት ናቸው። የታፋው መሃል ላይ፣ በተለይ ከተቀመጡበት ሲነሡ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የሚያሳምምና ከዚያ የሚለቅ ከሆነ፣ ዘንጉ ነው። በጎን፣ አጥንቱ በእጅ በሚዳሰስበት ቦታ ከሆነ የጎን ጡንቻዎች ጅማት ነው። ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ወደፊት ጎንበስ ሲሉ የሚቀል ከሆነ ወገብ ይታይ። ቡአም ብሽሽት ላይ ያማል፤ ሐኪሙ አስስሎ በእጁ ይዳስስ፤ ይህ ምንም አያስከፍልም፣ ግን ይረሳል።

ስለ ራጁ። አንድ ከፊት የተነሣ ፊልም አይበቃም። የሚያስፈልገው ሙሉ ዳሌውን ከፊት፣ ደግሞም የግራውን ዳሌ ከጎን፣ ሁለቱም የዘንጉን ጫፍ አልፈው ቢያንስ ጥቂት ሴንቲሜትር አጥንት የሚያሳዩ። ብዙ ጊዜ ፊልሙ የዘንጉ ግማሽ ላይ ይቆረጥና «ደህና ነው» ይባላል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማነጻጸሩ ነው። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ሰሞን የተነሣውን ራጅ ከአሁኑ ጎን አስቀምጦ መለካት ያስፈልጋል፤ ዘንጉ በስንት ሚሊሜትር ሰጥሟል? የኩባያው ዘንበልታ ተቀይሯል? በአጥንቱና በብረቱ መካከል ያለው ጥቁር መስመር ሰፍቷል? ሲሚንቶ የሌለው ዘንግ በመጀመሪያዎቹ ወራት 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ሊረጋ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እየሰጠመ ከቀጠለ ግን አልያዘም ማለት ነው። መስመሩም ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከሆነና በየጊዜው ከሰፋ ያሳስባል። ይህን አንድ ፊልም ብቻውን ሊናገር አይችልም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምናው ወደተደረገበት ሆስፒታል ጻፉ። የመውጫ ወረቀቱ ሳይሆን ሙሉው የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የተተከሉት ዕቃዎች ተለጣፊ ወረቀቶች (የመለያና የምርት ቁጥር ያለባቸው)፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ወዲያው በኋላ የተነሡት ራጆች በሲዲ ይላኩላችሁ። በስልክ ፎቶ የተነሣ ራጅ ለመለካት አይሆንም።

ሲፕሮፍሎክሳሲኑን በተመለከተ ግን ልቤ አዘነ። የላብራቶሪው ሰው ያብራራው።

ከማይክሮስኮፑ_ጀርባ

አብራራለሁ፤ የዚህ ጉዳይ ዋናው ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ሲአርፒ 14 የተጻፈበትን መለኪያ እዪ። በሚሊግራም በሊትር ከሆነ በትንሹ ከፍ ያለ ነው። በሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ 140 ማለት ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ላብራቶሪዎች ስላሉ ቁጥሩን ብቻ ገልብጣችሁ አትሂዱ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲአርፒ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ይነካና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። በ14ኛው ወር ከ10 ሚሊግራም በሊትር በላይ መሆኑ፣ ከኢኤስአር 42 ጋር ተደምሮ፣ ኢንፌክሽን መኖሩን አያረጋግጥም፤ ግን ሳይጣራ ወደ ሌላ ምርመራ መዝለል አይቻልም። ደም ማነስ፣ የሩማቲዝም በሽታና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያስነሡታልና ሽንትና ሙሉ የደም ቆጠራ አብረው ይታዩ። በተቃራኒው፣ ሲአርፒ ደህና ሆኖ በብረቱ ላይ የተጣበቀ ደካማ ጀርም የሚገኝበት ጊዜም አለ።

የሚያጣራው ከመገጣጠሚያው ውስጥ በመርፌ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው። አንቲባዮቲክ ከዚያ በፊት መሰጠቱ የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ክኒኑ በብረቱ ላይ የተለጠፈውን ጀርም አያጠፋውም፣ ነገር ግን በካልቸር (በላብራቶሪ ጀርም ለማብቀል በሚደረገው ምርመራ) እንዳይበቅል ያደርገዋል። ውጤቱ «የለም» ይላል፤ ጀርሙ ግን አለ። የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ቢያንስ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። 5 ቀን ካለፈ ሌላ 9 ቀን ጠብቁ፤ በመካከሉ ማንም ለጉሮሮም ሆነ ለጥርስ ብሎ ሌላ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጣቸው። ብርድ ብርድ ያለበት ትኩሳት ከመጣ ግን ይህ የመጠበቅ ነገር ይቀራል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ።

ናሙናው የሚወሰደው በአልትራሳውንድ ወይም በሲ-አርም (በተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን) እየታየ፣ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ንጹሕ በሆነ ቦታ ነው። ማደንዘዣው ቆዳው ላይ ብቻ ይወጋ፤ ሊዶካይን ራሱ ጀርሞችን ስለሚያዳክም መገጣጠሚያው ውስጥ ከናሙናው በፊት እንዳይገባ። የወጣው ፈሳሽ ወዲያው በሦስት ይከፈላል። 1 ሚሊሊትር ያህል ሐምራዊ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ ቱቦ ለሴል ቆጠራ፤ ጥቂቱ በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ለግራም ቀለምና ለቲቢ፤ የተረፈው አልጋው አጠገብ እንዳሉ በደም ካልቸር ጠርሙሶች ውስጥ፣ አየር በሚፈልገውም በማይፈልገውም። ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ፤ በክፍሉ ሙቀት ቶሎ ይድረስ። ከ1 ሚሊሊትር በታች ብቻ ከወጣ ቅድሚያው ለካልቸር ነው። ምንም ካልወጣ ጨዋማ ውኃ ወግቶ መልሶ የሳቡትን ሴል መቁጠር ዋጋ የለውም፤ ቀጥኗልና።

አሁን ብዙ ቦታ የሚሳሳቱበትን ልንገርሽ። ሰው ሠራሽ ባልሆነ መገጣጠሚያ ላብራቶሪው የሚያስፈራው ቁጥር በማይክሮሊትር 50,000 ነጭ የደም ሴል ነው። ያንን የለመደ ሰው 4,000 ሲያይ «ብዙም አይደለም» ይላል። በተቀየረ ዳሌ ግን ከ3,000 በላይ፣ ወይም ከሴሎቹ 80 በመቶ በላይ ኒውትሮፊል (ጀርም የሚዋጋው የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከሆኑ፣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከ1,500 ጀምሮም ጥርጣሬው አለ። ስለዚህ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «የተቀየረ ዳሌ፣ 14ኛ ወር» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ፤ ቆጠራውም በእጅ ቢሆን ይመረጣል፣ የብረት ብናኝ ማሽኑን ያሳስተዋልና።

ካልቸሩ 14 ቀን ይያዝ። በተለመደው አሠራር በ5ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ዝግተኛ ጀርሞች ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጡት። ይህን አስቀድማችሁ ከላብራቶሪው ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ፤ ናሙናው ከደረሰ በኋላ መለመን አይጠቅምም። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመር፦ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረ-መሉ የሚፈልግ ፈጣን ምርመራ) እና የቲቢ ካልቸር (በፈሳሽ እስከ 42 ቀን ይወስዳል)፤ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ወይም ከብት የሚያረቡ ከሆኑም የብሩሴላ ምርመራ። ለብሩሴላ ላብራቶሪው አስቀድሞ ይነገረው፣ ለሠራተኞቹም አደገኛ ነውና። ጂን ኤክስፐርት አሉታዊ መሆኑ ብቻውን ቲቢን አያስወግድም።

አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር። የሽንት መመርመሪያ ወረቀቷ ላይ የሉኮሳይት ኢስተሬዝ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ኢንዛይም) ሣጥን አለች። አንድ ጠብታ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ተደርጎባት ሁለት መደመር ካሳየች ትልቅ ምልክት ነው። ፈሳሹ ደም ከተቀላቀለበት ግን ቀለሙ ያሳስታልና መጀመሪያ በሴንትሪፉጅ ይለይ።

ጽጌ_ሳሪስ

እግዜር ይስጥልኝ። መለኪያውን አየሁት፤ ሚሊግራም በሊትር ነው። ተለጣፊ ወረቀቶቹንም ከድሮ ፋይል መሃል አገኘኋቸው! ኩባያ 54፣ ላይነር (የኩባያው የውስጥ ሽፋን) ፖሊኢታይሊን የሚባል ፕላስቲክ፣ ኳስ ሴራሚክ 32፣ ዘንግ ቲታኒየም ይላል። በአንድ ጣት እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው የብሽሽቱን እጥፋት መሃል ነኩ፤ ከጉልበት በታች ምንም የለም ይላሉ። ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነስ? ኤምአርአይ፣ የአጥንት ስካንና የኮባልት ምርመራ አስፈላጊ ናቸው ያለን ሰው ነበር።

ራጅና_ሲቲ

ወረቀቱን ማግኘትሽ ገንዘብ አተረፈልሽ። የኮባልትና የክሮሚየም ምርመራ የሚጠቅመው ብረት በብረት ለሚፋተግበት፣ ወይም ከኮባልት ክሮም የተሠራ ኳስ ላለው ሰው ነው። በ2010 ከገበያ የተሰበሰበው ኤኤስአር የሚባለው ብረት በብረት የሚፋተግበት የዳሌ ዓይነት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ይሆን ነበር። ሴራሚክ ኳስ በፖሊኢታይሊን ላይ ከሆነ ተዪው።

የአጥንት ስካንም አሁን አትክፈሉበት። ሲሚንቶ የሌለው ዕቃ አጥንቱ እያደገበት ስለሆነ እስከ 2 ዓመት ድረስ ሊያበራ ይችላል፤ ቢያበራ የምታውቁት አዲስ ነገር የለም።

ዓይኔ የገባው 54ቱ ነው። ቁመታቸውን አላውቅም፤ ለሴት ግን ተለቅ ያለ ኩባያ ነው። የኩባያው ስፋት ከተፈጥሮው የጭን አጥንት ራስ በ6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲበልጥ የፊተኛው ጠርዙ ከአጥንቱ ወጥቶ የኢሊዮሶአስን ጅማት ይፈትገዋል። የሚያስከትለው ሕመም ደግሞ ልክ አንቺ የጻፍሽው ነው፤ ሜዳ ላይ ሲሄዱ ይሻላል፣ እግርን ወደ ላይ ማንሣት ግን ይወጋል። መኪና፣ ደረጃ፣ አልጋ። ኩባያው ወደፊት በቂ ዘንበልታ ሳይሰጠው ከተቀመጠም እንዲሁ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚታይ ፍንጭ አለ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው የግራ ጉልበታቸውን ጥቂት ያንሡ፤ አንቺ በመዳፍሽ ከላይ በቀስታ ተጫኚው። ያው ብሽሽት ላይ ያው ውጋት ከመጣ ወደ ጅማቱ ያመለክታል። ምርመራ አይደለም፣ ፍንጭ ነው።

ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነ የሚቀጥለው ሲቲ ስካን ነው፤ የብረት ጥላን በሚቀንስ አሠራር፣ ሁለቱንም ዳሌ ያካተተ ይሁን። ለራዲዮሎጂስቱ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ተለይተው ይጻፉ። የኩባያው የፊት ጠርዝ ከአጥንቱ በስንት ሚሊሜትር ወጥቷል? ወደፊት ያለው ዘንበልታ ስንት ዲግሪ ነው? የቀኙ የተፈጥሮ ራስ ስፋት ስንት ነው? ይህችን ሦስተኛዋን ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ፤ 46 ሚሊሜትር ቢሆን የ8 ሚሊሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው። «የዳሌ ሲቲ» ብቻ ተብሎ ከተላከ «ዕቃው በቦታው ነው» የሚል አንድ መስመር ነው የሚመለሰው።

ከዚያ መርፌው። በአልትራሳውንድ እየታየ በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ማደንዘዣ ይሰጣል። ከመወጋታቸው በፊት ደረጃ ይውጡና ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይንገሩሽ፤ ከ30 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓትና ከ6 ሰዓት በኋላ ያንኑ ደረጃ ደግመው ይውጡ። ከ8 ወደ 2 ከወረደ ምንጩ ተያዘ። ምንም ካልለወጠ ማደንዘዣ መገጣጠሚያው ውስጥ ይሞከራል፤ ያም ካልለወጠ ዳሌውን ትታችሁ ወገብን ፈልጉ። ስቴሮይድ በጅማቱ ሽፋን መጨመር ይቻላል፣ ያውም የኢንፌክሽኑ ጥያቄ ከተዘጋ በኋላ ብቻ። በተቀየረ መገጣጠሚያ ውስጥ ግን ስቴሮይድ አይወጋም፤ «ለማስታገሻ» ብሎ የሚያቀርብ ካለ እምቢ በሉ።

ኤምአርአይ በቲታኒየም አይከለከልም። ነገር ግን የብረት ጥላ የሚቀንስ ፕሮግራም የሌለው ማሽን ላይ ዳሌው ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። 1.5 ቴስላው ከ3 ቴስላው ይሻላል (ቴስላ የማግኔቱ ኃይል መለኪያ ነው)። ለጎን ጡንቻዎች ጥሩ ነው፤ ለእናትሽ ግን ከሲቲው በፊት አይደለም።

«ተከፍቶ ይታይ» ላላችሁ ሰው መልሱ «ምን ይፈለጋል?» የሚል ይሁን። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ሕመሙን የማንሣት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የኢንፌክሽንና የመውለቅ አደጋው ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ጅማቱ ከተረጋገጠ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒና መርፌ ለተወሰኑ ወራት፤ ካልሆነ ጠርዙ የወጣው ከ8 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጅማቱን ማላቀቅ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ኩባያውን መቀየር ነው ብዙዎች የሚመርጡት። መጠኑን የሚያሳየው ያው ሲቲ ነው።

ፊዚዮ_ጉለሌ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ምርመራው እስኪያልቅ ቤት ውስጥ የሚስተካከለውን ልናገር።

በርጩማው ይነሣ። የእናትሽን እግር ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት ለኪው፤ 41 ሴንቲሜትር ነው እንበል። መቀመጫቸው ከዚያ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ይብለጥ፣ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ። የቡና በርጩማ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ላይ መነሣት ማለት ዳሌው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ያ ጅማት ሲጨመቅ ቆይቶ በሙሉ ኃይል መሳብ ነው። ቡናው ይፈላ፣ እሳቸው ግን ወንበር ላይ ይሁኑ፤ ረከቦቱም ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላቸው። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ከሆነም ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ አሠሩላቸው።

ስግደት። ጾም ላይ ከሆኑ ይህን መጠየቅ አለብሽ፤ እናቶች ለሐኪም አይናገሩትም። እስከ መሬት የሚሰገድ ስግደት ዳሌውን ከበርጩማ የበለጠ ያጥፈዋል፤ በቀን 40 ጊዜ ከሆነ ደግሞ ያው ፍትጊያ 40 ጊዜ ነው። የነፍስ አባታቸውን ያማክሩና ምክንያቱ እስኪታወቅ ቆመው፣ መቋሚያ ይዘው አንገታቸውን ዝቅ ቢያደርጉ ይበቃቸዋል።

ምርኩዙን በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት? የሚያመው ግራ ከሆነ ምርኩዙ በቀኝ ነው፤ ከግራ እግር ጋር አብሮ ይራመድ። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ ያኔ ዳሌው ጭነቱ አይቀንስለትም። ቁመቱ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእጅ አንጓቸው እጥፋት ላይ ይድረስ።

የእግር ርዝመት። «አንዱ እግሬ ረዘመ» ይላሉ? ሜትር አትዘርጊ፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ወይም ደብተሮች ባጠረው እግር ሥር አንድ በአንድ ጨምሪ፣ «አሁን ተስተካከለ» እስኪሉ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰውነት ይለምደዋል። ከበለጠ ግማሹን ብቻ በጫማ ውስጥ አስገቢ፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማስገባት ወገብ ያስነሣል። ከ1 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ንጣፍ ጫማ ውስጥ ተረከዝን ስለሚያወጣው ጫማ ሰሪ ከሶሉ ሥር ይጨምረው። ራጁ ላይ አጥንቶቹ እኩል ሆነው እሳቸው ግን ረዘመ ካሉ ዳሌው በጡንቻ መኮማተር ዘንብሏል፤ ያ በንጣፍ ሳይሆን በእንቅስቃሴ ነው የሚፈታው።

ይህን ለሚያነቡና ሕመማቸው በጎን ለሆነ፦ በሚያመው እግር ብቻ ግድግዳ ይዞ 30 ሴኮንድ መቆም ያንኑ ጎን ካስነሣ የጎን ጅማት ይጠረጠራል። በዚያ ጎን አትተኙ፤ በሌላው ስትተኙ በጉልበቶች መካከል ትራስ አድርጉ፤ እግር አታነባብሩ። ልምምዱ በጀርባ ተኝቶ፣ ነጠላ ወይም ቀበቶ ከጉልበት በላይ አሥሮ ወደ ውጭ መግፋት ነው፤ በአቅማችሁ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ 10 ሴኮንድ ይዞ፣ 5 ጊዜ፣ ጧትና ማታ። በማግሥቱ ጧት ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ በዝቷል፤ ቀንሱት።

አስተርጓሚ_ሜሪላንድ

ውጭ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ አንድ ቃል። በአማርኛ ውጋት፣ ጥዝጣዜ፣ ቁርጥማት፣ መቆጥቆጥ፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ እንላለን፤ ልጅ ወይም ዘመድ ሲተረጉም ሁሉም «ሕመም» ወደሚል አንድ ቃል ይወርዳሉ። ለሐኪሙ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እግር ሲነሣ የሚመጣ ውጋት ወደ ጅማት ይመራል፣ ተኝተውም የማይተው ጥዝጣዜ ኢንፌክሽንን ያስጠረጥራል፣ የሚያቃጥልና ልብስ ሲነካው እንኳ የሚያስቸግር፣ የደነዘዘ ቆዳ ያለበት ደግሞ ነርቭ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ብላችሁ አስመዝግቡ። የቀዶ ሕክምና ማስታወሻችሁንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጧችሁ ሕጉ ያዛል።

ጽጌ፣ እናትሽ ደብተር ይኑራቸው። በየቀኑ አራት ነገር ብቻ፦ ሰዓቱ፣ ምን ሲያደርጉ እንደመጣ፣ በራሳቸው ቃል ምን ዓይነት እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። የሁለት ሳምንት ደብተር ይዞ የገባን ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

ጽጌ_ሳሪስ

ስግደቱን ጠየቅኋቸው። በፍልሰታ ጀምረው አላቋረጡም። ምርኩዙንም በግራ ነው የሚይዙት። ናሙናው እስኪወሰድ ባሉት 9 ቀናት ለሕመሙ ምን ይውሰዱ? ፋርማሲው የዳይክሎፌናክ መርፌ ይሰጠን ነበር።

አጥንት_ክፍል

ዳይክሎፌናኩን አቁሙት። በ66 ዓመት ደጋግሞ መወጋት ለኩላሊት፣ ለጨጓራና ለደም ግፊት አይበጅም፤ ግፊት ወይም ስኳር ካለባቸው ይብሳል። የጉበት ችግር ከሌለባቸውና ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ሁለት ክኒን በየ8 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ6 ክኒን ሳይበልጥ። ክብደታቸው ካነሰ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ለጉንፋን የሚሸጡ ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አትደርቡ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የቁስሉ ጠባሳ መቅላት ወይም ፈሳሽ ማውጣት፣ ድንገት እግሩን መርገጥ አለመቻል፣ እግሩ አጥሮ ወይም ዞሮ መታየት። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ፤ የተለጣፊ ወረቀቶቹንም ቅጂ ያዢ።

በ9ኛው ቀን ጧት ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ሲአርፒው ይደገም፤ ከ14 ወጥቶ ወይም ወርዶ እንደሆነ ማየት ያስፈልገናል። ሁለቱን ራጆችም እስከዚያው ማስነሣት ትችላላችሁ፤ እሱ መጠበቅ አያስፈልገውም። ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ጻፊና 14 ቀን ቁጠሪ። ላብራቶሪው በ5ኛው ቀን «ምንም አልበቀለም» ቢልሽ ጠርሙሶቹ እንዳልተዘጉ አረጋግጪና ውጤቱን በ14ኛው ቀን ሄደሽ ተቀበይ፤ የሴል ቆጠራውን ግን በዚያው ዕለት እዚህ ጻፊልን።